ባለቤት ያጣ ዓረፍተ ነገር

ጡረታ የወጡት የቋንቋ መምህርት በትምህርት ቤቱም በሰፈሩም የሚታወቁት «አራት ነጥብ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ማንም የሚጨምረው ነገር አይኖርማ። ርእሰ መምህሩ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲደክሙበት የከረሙትን ንግግር ገና ሲጀምሩ፣ አራት ነጥብ ከመሃል ተነስተው አንዲት ቃል ያርሙና ይቀመጣሉ። ርእሰ መምህሩም የቀረውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። የሰፈሩ ባለ ሱቅ እንኳ እንቁላል መኖሩን የሚናገረውን ማስታወቂያ እሳቸው ሲያልፉ በእጁ ይሸፍነው ነበር። አንዴ በአልፋው «እ»፣ አንዴ በዓይኑ «ዕ» ጽፎት ከሁለቱም አልተረፈም።

በዕድሜያቸው ሙሉ ካስተማሯቸው ልጆች መካከል ሳያርሙ የሚያወሩለት አንድ ብቻ ነበር። ከፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ፣ መልሱን ባያውቀው እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚመልስ ልጅ ነበር። አድጎ የትልቁ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ ፕሮፌሰርም ተባለ። በከተማው የሚወራለት ስለ ፍጥነቱ ነው። ሌላው ሐኪም ሆድ ከፍቶ ቦታውን ሲፈልግ፣ እሱ ሰፍቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሻይ እየጠጣ ይገኛል ይባላል። አራት ነጥብ ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፋ አድርገው «እኔ ነኝ ያስተማርኩት» ይላሉ። ሆድ መክፈትን ያስተማሩት እሳቸው ይመስል።

የሐሞት ከረጢታቸው ጠጠር ይዞ ያሰቃያቸው ጀመር። ታዲያ ወዴት እንደሚሄዱ ጥያቄም አልነበረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራቸው የምትኖረውና አፏ ላይ የመጣላትን ሁሉ የምትናገረው ታናሽ እህታቸው፣ ሌላም ሐኪም ቢያዩ አይከፋም የሚል አሳብ ጣል አድርጋ ነበር። አራት ነጥብ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። ነገሩ እዚያው አበቃ።

ፕሮፌሰሩ በዚያ ሰሞን ትልቅ ጥናት ይዞ ነበር። ጥናቱ በእሱ ክፍል ከሚታከሙት ሰዎች መካከል ከቀዶ ጥገና በኋላ ስንቱ በኢንፌክሽን እንደሚያዝ የሚቆጥር ነው። ሥራው መቁጠር ይሁን እንጂ፣ የሚጠበቀው ቁጥር ዜሮ መሆኑን ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም ያውቃል። አራት ነጥብም ጥናቱ ውስጥ እንዲገቡ ተጠየቁ። የፈቃዱ ወረቀት ሲሰጣቸው አልጋው ላይ እንደተጋደሙ እስክሪብቶ አስመጡ። ወረቀቱ «በጥናቱ በመሳተፎ እናመሰግናለን» ይላል። «በመሳተፎ»ን ሰርዘው «በመሳተፍዎ» አሉት፤ እዚህም እዚያም ነጠላ ሰረዝ ጣል ጣል አደረጉ፤ ከዚያ ፈረሙ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ሊደርስ ስለሚችል ጉዳት የሚያወራውን አንቀጽ ግን፣ የፊደል ግድፈት ስላልነበረበት፣ ልብ ብለው አላነበቡትም።

ቀዶ ጥገናው እንደተለመደው ሳይታሰብ አለቀ። አራት ነጥብ ጠጠራቸውን በብልቃጥ ይዘው ቤታቸው ገቡ። ጥናቱ አንድን በሽተኛ የሚከታተለው ሰላሳ ቀን ነበርና፣ ቀኑ ሲሞላ አንድ ድምፀ ለስላሳ የጥናት ረዳት ደውሎ ቁስሉ መግል ቋጥሮ፣ ወይም ቀልቶ እንደሆነ ጠየቃቸው። ምንም እንደሌለው ነገሩት። አመስግኖ ዘጋ።

ትኩሳቱ የጀመራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ለረዳቱ ደወሉለት። ልጁ በትሕትና አዳመጣቸውና፣ የእሳቸው ክትትል መዘጋቱን፣ በጥናቱ ዘንድም ፍጹም ጤነኛ መሆናቸውን አበሠራቸው። አራት ነጥብ ደስ አላቸው። ያን ጊዜ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደርበው እየተንቀጠቀጡ ነበር። እህታቸው ግን «ጤነኛ ከሆንሽማ የኔን ብርድ ልብስ መልሽልኝ» አለቻቸው።

ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ አጥንታቸውን ያንዘፈዝፈዋል፤ ሲሄድ በላብ አጥቦ ይተዋቸዋል። ከቀኝ ጎድናቸው በታች አንድ ነገር ይከብዳቸዋል። ምግብ ሲያዩ ያቅለሸልሻቸዋል። ቀሚሳቸው መስቀያ ላይ የተሰቀለ እንጂ ሰው የለበሰው አልመስል አለ።

ሆስፒታሉ ተቀበላቸው፤ ተቀብሎም ክፍል ለክፍል ያቀባብላቸው ጀመር። የሳንባው ሐኪም ሳንባቸውን ጠረጠሩ። የልቡ ሐኪም የልባቸውን በር ጠረጠሩ። የደሙ ሐኪም ከመቅኒያቸው ካልተቀዳ አሉ። ሁሉም የተማረውን አካል አራት ነጥብ ውስጥ ፈልጎ አገኘ። የወባ መድኃኒት ዋጡ፤ የታይፎይድ ዋጡ፤ የሳንባ ነቀርሳም ተሞከረላቸው። አልትራሳውንድ ያነሳቸው ባለሙያ ጉበታቸው አጠገብ አንዲት ጥላ አይቶ ነበር፤ ጋዝ ነው ብሎ አለፋት። ቀዶ ጥገና የተደረገበትን ቦታ ደፍሮ የሚነካ አልተገኘም፤ ያ የፕሮፌሰሩ ግዛት ነዋ። በመጨረሻ በሽታው «ምንነቱ ያልታወቀ ትኩሳት» ተብሎ ተሰየመ። አራት ነጥብ ስሙን ወደዱት። ቢያንስ የሚታረም ነገር የለውም።

ከዚያማ ዝነኛ ሆኑ። ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ የያዘው ሰው በማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ክብሩ ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች እንደ መንጋ አልጋቸውን ይከቡታል። እሳቸውም ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ሹራባቸውን ቆልፈው፣ ትራሱን ደገፍ ብለው ይጠብቋቸዋል። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ እየተንተባተበ «በሽተኛዋ ከትኩሳት ጋር መጡ» ብሎ ጀመረ።

«ትኩሳት ዘመዴ ነው ተያይዘን የምንመጣው?» አሉት አራት ነጥብ። «‹ትኩሳት ይዟቸው መጡ› በል።»

ልጁ አረመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽታቸውን የሚያስረዳ ተማሪ ሁሉ ከበሽታው ይልቅ ግሡን ሲያጠና ያድር ጀመር። የውስጥ ደዌ ክፍሉ ኃላፊ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ የዋህ ሰው፣ በዚህ እጅግ ይደሰቱ ነበር። የተማሪዎቹ አማርኛ ማማሩን ለሁሉም ያወራሉ። የበሽተኛዋ ትኩሳት ግን እንዳለ ነው።

ከተማሪዎቹ ኋላ የምትቆም አንዲት ቀጭን ዶክተር ነበረች፤ ገና ስፔሻላይዝ በማድረግ ላይ ያለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ እንዲህ ያለ ትኩሳት ከቀዶ ጥገናው በፊት ይዟቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አያውቅም። ጠባሳውን በጣቶቿ ጫን ጫን ስታደርግ አራት ነጥብ ጥርሳቸውን ነከሱ፤ ቢሆንም አላመመኝም አሉ። ዶክተሯ ፊታቸውን እንጂ አፋቸውን አላመነችም።

የሐኪሞች ሳምንታዊ ጉባኤ ላይ የአራት ነጥብ ጉዳይ ቀረበ። እሳቸውም በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው አዳራሹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አዋቂዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። ስማቸውን ለመጥራት ምላስ የሚያደናቅፍ፣ በሺህ ዓመት አንዴ የሚያጋጥም በሽታ ሁሉ ተጠራ። ከዚያ ቀጭኗ ዶክተር እጇን አወጣች። ትኩሳቱ የመጣው ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ስለሆነ፣ ሕመሙም እዚያው ላይ ስለሆነ፣ ውስጥ የተረሳ ነገር እንዳለ በሲቲ ስካን ቢታይ አለች።

የውስጥ ደዌው ኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠራርገው በሽተኛዋ የፕሮፌሰሩ ጥናት ውስጥ የነበሩ፣ ኢንፌክሽን የሌላቸው ሰው መሆናቸውን አስታወሱ። ፕሮፌሰሩ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ፈገግ ብሎ፣ ወጣቶች መጠየቃቸው ጥሩ ነገር እንደሆነ ተናገረ። አነጋገሩ ሁለተኛ እንዳትጠይቂ የሚል ነበር።

እሱ እንኳ በዚህ ሊያልፈው ነበር፤ ያላለፉት አራት ነጥብ ናቸው። ከወንበራቸው ቀና ብለው «አንቺ ልጅ» አሉ። «እሱን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሆድ ውስጥ ዕቃ ረስቶ የሚወጣ ልጅ አላሳደግሁም።»

አዳራሹ ሳቀ፤ አጨበጨበ። አራት ነጥብን ደስ የሚል ሙቀት ወረራቸው፤ ከጭብጨባው ይሁን ከትኩሳቱ ለመለየት ያስቸግር ነበር። በማግስቱ ቀጭኗ ዶክተር የቆዳ በሽታ ክፍል ተመደበች። እዚያ የሚረሳ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ አራት ነጥብ ቁልቁል ሄዱ። ጉንጫቸው ጎደጎደ፤ ድምፃቸው ሳሳ። ጠዋት የሚመጡት ተማሪዎች «ከትኩሳት ጋር» ሲሉ እየሰሙ ያልፏቸው ጀመር። እህታቸው እንደተሸነፉ ያወቀችው ያኔ ነው። ፕሮፌሰሩ በዚሁ መካከል ጥናቱን ይዞ ውጭ አገር ሄደ። የዜሮዋ ወሬ ርቆ ደርሶ ኖሮ፣ ስለ ቀዶ ጥገና ደኅንነት በሚመክር ትልቅ ጉባኤ ላይ ሊሸለም ነው። ፎቶግራፉ የሆስፒታሉ መግቢያ ላይ ተሰቀለ። እህትየዋ በየቀኑ ምግብ ይዛ ስትገባ ፎቶግራፉን በአገጯ እየጠቆመች የማይጻፍ ነገር ትናገረው ነበር።

አንድ ጠዋት ምግቡን ሳትከፍተው አስቀመጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ» አለች፣ እንደ ወትሮዋ ሳትጮህ። «ለዚህ ሰው ስም ስትይ ልትሞቺ ነው። ደግሞ ብትሞቺም እሱ ዘንድ ጤነኛ እንደሆንሽ ነው የምትቀበሪው።»

አራት ነጥብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከልጅነቷ ጀምሮ ለምታውቃቸው ሰው ይህ እሺ ማለት ነው። እህትየዋ ጊዜ ሳታጠፋ የቆዳ ክፍሉን ደረጃ እያለከለከች ወጥታ ቀጭኗን ዶክተር ከአንድ የእከክ በሽተኛ ላይ ነጥቃ አመጣቻት። ዶክተሯ አልተግደረደረችም፤ የሲቲ ስካኑን ማዘዣ በራሷ ስም ፈረመች። የውስጥ ደዌው ኃላፊም ፕሮፌሰሩ አገር ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጠው እንዳላዩ አለፉ። ጀግንነታቸው እስከዚያ ድረስ ነበረች።

ምስሉን የሚያነበው ሐኪም አየ። አይቶ ጓደኛውን ጠራ፤ ጓደኛው ሌላ ጠራ። ትንሿ ጨለማ ክፍል በነጭ ጋውን ተሞላች። ለበሽተኛዋ ማን ይንገር ሲባል ሁሉም ድንገት ሥራ በዛበት። ቀጭኗ ዶክተር ብቻዋን ገባች።

«ቲቸር፣ ሆድዎ ውስጥ ጨርቅ አለ» አለቻቸው። «ደም የሚጠረግበት ነው፤ እኛ ጎዝ የምንለው። ቶሎ መውጣት አለበት።»

አራት ነጥብ ጣሪያውን አዩ። ንዴት ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ የመጣው ግን ሐፍረት ነው። ሰሌዳ ላይ የጻፉት ነገር ስህተት ሆኖ መላው ክፍል ሲያይባቸው የሚሰማቸው ዓይነት። ያጨበጨበው አዳራሽ ትዝ አላቸው። ምን እንደሚያክል ጠየቁ። ተጣጥፎ ነው እንጂ ቢዘረጋ መሀረብ ያክላል ተባሉ።

ያወጣላቸው፣ በዝግታው መላው ሆስፒታል የሚስቅበት ሌላ ቀዶ ጠጋኝ ነው። ነርሶቹ እሱ ጋር ሲመደቡ ምሳቸውን አስቀድመው ይበላሉ። ያለ ወትሮው ማንም ሳይቀልድበት፣ ጨርቁን ከነመግሉ አወጣ፤ አጥቦ አጥቦ፣ ቆጥሮ ቆጥሮ፣ ሰፋ። ወሬውም በዚያው ሰሞን ኮሪደር ለኮሪደር ወጣ። በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ነርሷ ጨርቅ ስትቆጥር ጎድሎባት ተናግራ ኖሯል። ፕሮፌሰሩ መርፌውን ይዞ መስፋት ጀምሮ ስለነበር፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ እስኪሞላ ድረስ ቁጠሪ አላት። እሷም እስኪሞላ ድረስ ቆጠረች።

አራት ነጥብ ትኩሳታቸው ለቀቃቸው። ምግብ አምጡ አሉ፤ ያመጡላቸውን ጨው የለውም ብለው መለሱ። እህታቸው ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች።

ፕሮፌሰሩ ከነሽልማቱ ተመለሰ። የመጣ ቀን አልደፈረም፤ ውሎ አድሮ ግን ብቻውን መምጣት ከሰው ጋር ከመምጣት ይልቅ ስለከበደው፣ ረዳቶቹንና ተማሪዎቹን አስከትሎ አልጋቸው ግርጌ ቆመ። ቀጭኗ ዶክተርም በሩ አጠገብ ነበረች። ፕሮፌሰሩ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ጀመረ።

«ቲቸር፣ እንደሰሙት፣ በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ወቅት አንድ ጎዝ ተረስቶ ነበር።»

አራት ነጥብ መነጽራቸውን ከኮመዲኖው ላይ አንስተው አደረጉ።

«ባለቤቱ የት አለ?» አሉት።

ፕሮፌሰሩ ግራ ተጋባ። ወደ በሩ ዞር አለ፤ ሰው የጠየቁት መስሎት ነበር። «የምኑ ባለቤት?»

«የዓረፍተ ነገሩ። ተረሳ አልክ። ማን ረሳው?»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሳል ይዞት ወጣ። ፕሮፌሰሩ አንዳንዴ በሥራ ጫና፣ በቡድን ሥራ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር በየትም አገር እንደሚያጋጥም ማስረዳት ያዘ። አነጋገሩ ያምር ነበር፤ ድሮም ያምር ነበር። አራት ነጥብ እስኪጨርስ ታገሡት።

«ቡድኑ ጥሩ ነው» አሉ። «ሽልማቱን ስትቀበል ግን ፎቶው ላይ ብቻህን ነህ። እንደገና ጀምር።»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። የፕሮፌሰሩ ጆሮ ቀላ፤ ፊቱ ላይ ላብ ወጣ። ከዚያ የማንም ባልሆነች፣ ቀጭን ድምፅ «እኔ ረሳሁት» አለ። ጨመረበትም፤ «ነርሷም ነግራኝ ነበር።»

አራት ነጥብ ይህን ቃል እስኪሰሙ ድረስ ቸኩለው ነበር። ከሰሙት በኋላ ግን የጠበቁትን ያህል ደስ አላላቸውም። ያ እጁን እያወጣ ያላወቀውን የሚመልስ ልጅ ፊታቸው ቆሟል። ድምፁ ደስ ስለሚላቸው፣ አንድም ቀን አላውቅም እንዲል አላስተማሩትም። ይህንን ለማንም አልተናገሩም። ጥናቱስ እንዴት ይሆናል ብለው ብቻ ጠየቁት።

የጥናቱ ክትትል ሰላሳ ቀን ነው አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። ትኩሳቱ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ደንቡ ደንብ ነው።

«እሺ» አሉ አራት ነጥብ። «ሂድ እንግዲህ፤ ጤነኛ ሰው አታስቸግር።»

ሲወጡ ቀጭኗን ዶክተር በእጃቸው ጠቅሰው አስቀሯት። «ዶክተር፣ ይቀመጡ» አሏት። ዶክተሯ ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ይቅርታ የምትባለዋ ቃል ከአራት ነጥብ አፍ ወጥታ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልወጣችም። ሆኖም ከሆስፒታሉ እስኪወጡ ድረስ ዶክተሯን አንድም ጊዜ አንቺ አላሏትም። እህትየዋ ይህን ያየች ጊዜ ሲቲ ስካኑ ጭንቅላታቸውንም ነክቶት እንደሆነ ጠየቀች።

ጥናቱ ታተመ። ዜሮዋ እንዳለች ናት፤ ከገጹ ግርጌ ግን በዓይን በማትታይ ፊደል፣ ከሰላሳ ቀን በኋላ ስለተገኘ ጨርቅ የምትናገር አንዲት ማስታወሻ ገብታለች። ያስገባት ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው፤ ደንቡ አያስገድደውም ነበር ይላሉ የሚያውቁ። ሆስፒታሉ የበሽተኞች ደኅንነት ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ፤ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ቀጭኗ ዶክተር ከቆዳ ክፍል ተመለሰች፤ በሽልማት አይደለም፣ ሰው ጎድሎ ነው።

የተለወጠው ያልተጠበቀው ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ ከዚያ ወዲህ ቆጠራው በጩኸት ካልተነገረ መርፌ አይነካም። ከጎደለ እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ ይጠብቃል፤ እንደገና ያስቆጥራል። ነርሶቹ ሰውየው ጀዝቧል ይላሉ። ሻዩ ሁልጊዜ ይቀዘቅዝበታል። በከተማውም እጁ ከበደ፣ እንደ ድሮው አይደለም መባል ጀመረ። ወረፋው ሳሳ። ሰው ሁሉ ፈጣን ወደሚባል ሌላ ሐኪም ይጎርፍ ጀመር።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛ ሹፌር፣ ቡአ ወርዶበት እያነከሰ መጣ። ሆስፒታሉን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና የት ልሂድ አላቸው። አራት ነጥብ ሳያመነቱ ወደ ፕሮፌሰሩ ላኩት። ሹፌሩ የሰማውን ማመን አቃተው። ያ ሆድዎ ውስጥ ጨርቅ የተወው ሰውዬ ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ እሱው አሉት፤ አሁን ፈርቷል፤ የፈራ ሐኪም ማለት የሚጠነቀቅ ሐኪም ነው።

እህትየዋ ከማድ ቤት ሆና የሆነ ነገር አጉረመረመች።

ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነውና አመስግኖ፣ አስብበታለሁ ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ወደ ፈጣኑ ሐኪም ሄዶ ተቀዶ መጣ። እንዴት ያለ ሐኪም መሰላችሁ፣ ሱሪዬን ሳወልቅና ስለብስ የፈጀሁት ጊዜ ይበልጣል እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራል።